የእታለሜ ሳሎንና የቢዝነስ ክላሱ ወንበር

ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ይሰጡታል፤ ወይ ብርድ ልብስ። የታላቅ እህቴ የእታለሜ ባል ግን ወንበር ይዞ መጣ። ወንበር ስላችሁ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር እንዳይመስላችሁ። ካረጀ አውሮፕላን የተነቀለ፣ ሲዘረጋ አልጋ የሚያህል፣ እጀታው ላይ ቁልፍ የተደረደረበት፣ ጎኑ ላይ ሶኬት ያለው የቢዝነስ ክላስ ወንበር ነው። በጭነት መኪና መጥቶ አልገባ ብሎ፣ በሩ ከነመቃኑ ተነቀለለት። ከገባ በኋላ ደግሞ ሳሎኑ አልበቃ አለና የእታለሜ ሶፋ ወጥቶ እኔ ቤት ተቀመጠ። እኔ ጎረቤቷ ነኝ፤ ግድግዳችን አንድ ነው። እንዳይቆሽሽ ብላ ላስቲክ አልብሳ ያኖረችውን ሶፋ ዓይኗ እያየ ሲያወጡባት ላስቲኩ እንዳይቀደድ ጫፉን ያዘችላቸው። የተቆጣሁላት እኔ ነኝ።

ሰውዬውን ሰፈሩ በሪዙ የተነሳ «ካፒቴን» ነው የሚለው። እኔ ፊት ለፊት ጋሼ እለዋለሁ፤ ከኋላ የምለውን እንኳን ተዉት። ካፒቴን ይባል እንጂ አንድም ቀን ሰማይ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ዕድሜ ልኩን የሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ጓሮ ባለው የወንበር ጥገና ክፍል ነው። የተቀደደ የወንበር ልብስ ይቀይራል፣ የላላ ቀበቶ ያጠብቃል፣ ከሁሉ በላይ ግን የቢዝነስ ክላስ ወንበሮችን ሶኬት ይፈትሻል። አፈታተሹም የራሱ ሥርዓት ነበረው። እጁን ታጥቦ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ቀበቶውን ያስራል፤ ስልኩን ሶኬቱ ላይ ይሰካና ትንሿ አረንጓዴ መብራት ቦግ እስክትል ድረስ በመስኮት ደመና የሚያይ ሰው መስሎ የክፍሉን ግድግዳ ያያል። ከዚያ ይነሳና «ይብረር» ይላል። ወንበሩ ይበራል፤ እሱ አውቶቡስ ተጋፍቶ ቤቱ ይገባል።

እንዲህ የኖረ ሰው ስለ ቢዝነስ ክላስ ሲያወራ የሰማው ግን ትናንት ከሩቅ አገር የገባ ነው የሚመስለው። እዚያ ሰው ቻርጅ ለምኖ አያውቅም ይለናል። እያንዳንዱ ለራሱ ሶኬት አለው፤ ስልክህም ላፕቶፕህም ጢም ብሎልህ ነው የምትወርደው። ከመጋረጃው ኋላ ያለው ሕዝብ ግን ስልኩ ሲሞትበት እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የትልቅ ሰው ምልክቱ ባትሪው ከግማሽ በታች አለመውረዱ ነው፤ እንዲህ ብሎ አፉን ሞልቶ ሲናገር ጎረቤቱ ሁሉ በየኪሱ ያለውን ስልክ አውጥቶ እያየ ይሸማቀቃል። እኔም አንድ ቀን አየሁ፤ ግማሽ አልደረሰም ነበር። ተናደድኩ።

አንድ ጊዜ ግን ለመብረር ደርሰው ነበር። የሠራተኛ ቤተሰብ ትኬት የሚባል ነገር አለ። ነፃ ነው፤ ነገር ግን የምትሳፈረው ተጠባባቂ ሆነህ ነው። ይኸውም የከፈለው ሁሉ ከገባ በኋላ ቦታ ከተረፈ ትገባለህ፤ ካልተረፈ ሻንጣህን አንጠልጥለህ ትመለሳለህ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝና ለእታለሜ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፋሁላት፤ እሱም ክራቫት አሰረ፤ ሄዱ። መግቢያው በር አጠገብ ቆመው ያለፈውን መንገደኛ ሁሉ በዓይናቸው ሲሸኙ ቆዩ። በመጨረሻ ሁለት ቦታ ተረፈ፤ ያውም ቢዝነስ ክላስ። ስማቸው ሊጠራ ሲል አንድ ባልና ሚስት እያለከለኩ ደረሱ፤ የሰውዬው የጫማ ክር እንኳን አልታሰረም ነበር አለችኝ። ገቡበት። ጋሼ ደግሞ እነዚያን ሁለት ወንበሮች ያን ሰሞን በገዛ እጁ የፈተሻቸው ናቸው። ቤት ሲመለሱ እታለሜ ቀሚሱን አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። እሱ ጭራሽ ሕጉን ሲያመሰግን አመሸ። ሥርዓት ማለት ይኸ ነው አለ፤ ተሳፋሪ ይቀድማል፣ የቤት ሰው ይጠብቃል። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ትመጣለች።

እታለሜ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። የልጇ ድምፅ ከዓመት ዓመት እየራቀባት ነው ያሳደገቻት። በግምት ነበር የምትኖረው፤ ሰው ሲስቅ ትስቃለች፣ ሰው ሲያዝን አንገቷን ትነቀንቃለች። አንዳንዴ ታዲያ ግምቷ ይስታትና ለቅሶ ቤት ፈገግ ብላ ታስደነግጠናለች። ዓምና ልጇ የመስሚያ መሣሪያ ገዝታ ላከችላት። የባቄላ ፍሬ የምታህል ናት፤ ጆሮ ውስጥ ትገባለች። ስትወጣ ደግሞ ትንሽ ሳጥኗ ውስጥ ሆና ቻርጅ ትደረጋለች። እታለሜ መጀመሪያ ያደረገቻት ቀን የሰማችው የራሷን ኮቴ ነው። እንዲህ ነው እንዴ የምራመደው ብላ ቀኑን ሙሉ ሳሎኑ ውስጥ ስትመላለስ ዋለች። እኔም አብሬያት ስመላለስ ዋልኩ፤ ምን ቆርጦኝ እቀመጣለሁ።

ልጅቱ ዘንድሮ አረገዘች። የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው፤ መንገዱ ሩቅ፣ እናቷም ወገቧን የሚያማት ስለሆነች ሄዳ ልታርሳት አልቻለችም። ስለዚህ በስልክ ተስማሙ። ሕፃኑ እንደተወለደ ስልኩን አፉ አጠገብ እናስጠጋልሻለን፤ የመጀመሪያ ልቅሶውን ከማንም በፊት አንቺ ትሰሚዋለሽ አለቻት። እታለሜ ይህን ለሰው ሁሉ ተናገረች። ለዳቦ ሻጩ ሳይቀር ነገረችው። የልጇን ድምፅ በግማሽ ነው የሰማችው፤ የልጅ ልጇን ግን ከመጀመሪያው ልትሰማ ነው። ከዚህ ሌላ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

በዚህ መሐል የሰፈራችን ትራንስፎርመር ድም ብሎ ተቃጠለ። ይሠራል ተባለ፤ ሰነበተ፤ ከረመ። እኔ በኤሌክትሪክ የሚሠራውን የስፌት መኪናዬን ትቼ በእግር የሚዘወረውን አሮጌውን አወጣሁ። ጋሼ ግን ወንበሩን ከመጀመሪያው ጣሪያ ላይ ከሰቀላት ሶላርና አልጋ ሥር ከደረደራቸው የመኪና ባትሪዎች ጋር አያይዞት ነበር። ስለዚህ በመንደሩ ውስጥ የሚሠራ ሶኬት አንድ ብቻ ቀረ፤ እሱም የቢዝነስ ክላስ ነው። አቤት የዚያን ቀን ደስታው! ተቃጠለ ሲባል ሁላችን ስናዝን እሱ ክራቫት ሲያስር አየሁት።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደግ ነበር፤ የመጣውን ሁሉ ያስተናግዳል። ብዙም ሳይቆይ ከመኝታ ቤት የእታለሜን መጋረጃ አምጥቶ ሳሎኑን ለሁለት ከፈለው። ከመጋረጃው ወዲህ ቢዝነስ ክላስ፤ ከመጋረጃው ወዲያ፣ ከወጥ ቤቱ በኩል፣ ሌላው ሕዝብ። ቢዝነስ የሆነ ሰው በክብር ይቀመጣል፣ ቀበቶ ያስራል፣ የያዘውን ይሰካል። የሌላው ስልክ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተጠራቅሞ ወንበሩ ባዶ ሲሆን ተራ በተራ ይሰካለታል። እንዳይለዋወጥ በየስልኩ ላይ ክር የማስረው እኔ ነበርኩ፤ ቀይ የዳቦ ሻጩ፣ ቢጫ የመምህሩ፣ እያልኩ። ማከፋፈያ ገመድ እናምጣና ሁሉም ባንዴ ይሰካ ብል ቱግ አለብኝ። አውሮፕላን ላይ ማከፋፈያ ክልክል ነው፤ አንድ ወንበር ላንድ መንገደኛ። ደግሞ መነሻና ማረፊያ ላይ ቻርጅ ማድረግ አይፈቀድም ብሎ ሰው በተቀመጠና በተነሳ ቁጥር ቆመን እንጠብቃለን። ሳሎኑ ሲነሳም ሲያርፍም አላየንም፤ ግን ጠበቅን። መብራት የጠፋበት ሰው የማይታዘዘው ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብነግራችሁ ታፍሩልኛላችሁ። ትናንት አብሮን ውሃ ሲቀዳ የነበረ ሰው ኮት ለብሶ መጣ። ስልክ ብቻ ይዞ የመጣ ወደ ሳፋው እንደሚላክ ስለታወቀ፣ ላፕቶፕ የሌለው ላፕቶፕ ተዋሰ። አንዱማ ከነአካቴው የማይሠራ ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ሰካና ቁልፉን እየነካካ ተቀመጠ፤ የጨለመውን ስክሪን እያየ ፊቱን ያኮሳትራል። ከመጋረጃ ወዲህ የደረሰች ሴት ከመጋረጃ ወዲያ ያለችውን የገዛ ምራቷን ሰላም አላለቻትም። ይኸ ሁሉ ለቻርጅ ነው እንግዲህ።

ከሁሉም የሚከበሩት የነዋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነበሩ። ትራንስፎርመሩን ማስጠገን የሳቸው ሥራ ነው፤ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቢሮ ለቢሮ ይዞራል። ነገር ግን ወንበሩ ተመቻቸው። ጠዋት ቦርሳቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ወንበሩን ያዘረጋሉ፣ ሁሉን ነገራቸውን ሞልተው ሲወጡ ስለ ትራንስፎርመሩ የሚጠይቃቸውን ሰው ጉዳዩ ተይዟል ይሉታል። ተይዟል ማለታቸው እውነት ነው፤ የያዙት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ደግሞ ሊቀመንበሩ ሲመጡ ትራሱን እያራገፈ፣ ሲሄዱ በር ድረስ እየሸኘ፣ ወንበሩን ለኚህ ሰው ሲል ብቻ ይወለውላል።

የእታለሜ ሳጥንስ? እታለሜ የመጀመሪያው ቀን ሳጥኗን ይዛ ወደ ወንበሩ ስትሄድ ጋሼ በፈገግታ አስቆማት። አንቺ የቤት ሰው ነሽ አላት፤ ሠራተኛና ቤተሰቡ ተጠባባቂ ነው። ቢዝነሱ ይጨርስ፣ ሳፋው ይጨርስ፣ ከተረፈ ያንቺ ይሰካል። የሱ ስልክ ግን ሁልጊዜ ሙሉ ነበር፤ የበረራ ሠራተኛ ሳይገናኝ መቆየት ስለሌለበት ነው አለ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩት። ይኸ ጆሮዋ ነው፣ ጌጥ አይደለም አልኩት። እሱ እንደ ሕፃን እያባበለ ሕጉን ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳኝ። እሺ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ትራንስፎርመሩ ሌላ ስለሆነ መብራት አለ፣ ፀጉር ቤቱ ወስጄ ላሰካላት ብለው ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። ቤቱ ቢዝነስ ክላስ እያለው ሚስቱ ጆሮዋን ፀጉር ቤት አስቀመጠች ልትባል ነው? ማን ፊት ሊቆም? እታለሜ ክንዴን ያዝ አድርጋ ተይው አለችኝ። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ሰው ጋሼ ብሎ በሩን ሲያንኳኳለት ገና አሁን ነው፤ አታሳፍሪብኝ አለች። አፌን ዘጋሁ። እሷን ብዬ እንጂ ለሱ ቢሆን አልዘጋም ነበር።

በተራ የሚተርፈው ነገር ጥቂት ነበር፤ አንዳንድ ቀን ጭራሽ የለም። ስለዚህ እታለሜ ጆሮዋን መቆጠብ ጀመረች። ቀኑን ሙሉ መሣሪያዋን አጥፍታ ትውልና ልጇ በምትደውልበት ሰዓት ብቻ ትከፍታለች። ጋሼ አላወቀም። እሱ እንደ ልማዱ ስለ ቢዝነስ ክላስ ያወራላታል፤ እሷ ዓይን ዓይኑን እያየች ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን በር ላይ አግኝቶኝ ምስጢር ሊነግረኝ ጠጋ አለ። እህትሽ በስተርጅና ጨዋታዬን ወደደችው፤ እንዲህ አድምጣኝ አታውቅም አለኝ። ሳቄን ለመዋጥ ቤቴ ሮጬ ገባሁ።

ቀኑ ደረሰ። ገና ረፋዱ ላይ የልጅቱ ባል ደውሎ ሆስፒታል ገብተናል፣ ምጧ ጀምሯታል አለ። ስልኩን ያነሳው ጋሼ ነው፤ ለእታለሜ በእጁ ሆዱን እያሳየ ነገራት። ገብቷታል። ወደ ጓዳ ገብታ ስትወጣ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳዋለች፤ ወገቡ ላይ ትንሽ ጠቧታል እንጂ ያምርባታል። መሣሪያዋን ከፈተችና ጆሮዋ ውስጥ አደረገቻት። ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። ጲጥ ጲጥ ብላ ጠፋችብኝ አለች። አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ መለሰቻት፤ ሳጥኗም ቀይ ነጥብ አሳየች፤ ባዶ ናት።

ሳሎን ስንገባ ሊቀመንበሩ ወንበሩን አልጋ አድርገው ተጋድመዋል። የዚያን ቀን ያላመጡት ነገር አልነበረም። ላፕቶፕ፣ ታብሌት፣ የጢም መላጫ፣ የሚስታቸው የእግር ማሻሻ ማሽን፤ በየተራ ይሰካሉ። ሲሰለቻቸው ደግሞ የወንበሩን ቁልፍ እየተጫኑ ጀርባውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። እታለሜ ሳጥኗን በሁለት እጇ ይዛ ባሏ ፊት ቆመች።

«ለዛሬ ብቻ» አለችው። «የልጄ ነገር ነው።»

ጋሼ እሷን አየ፤ ሊቀመንበሩን አየ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው የእግር ማሻሻው ይርገበገብላቸዋል። መንገደኛ ከተቀመጠበት ይነሳል? በሕይወቱ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። በእጁ ቆይ የሚል ምልክት ሰጣትና ከንፈሯን እንድታነብ ቀስ አድርጎ «እሳቸው እንደወረዱ፣ ወዲያው አንቺ» አላት። እታለሜ ከመጋረጃው አጠገብ ቆመች። ሻንጣ ብቻ ነበር የጎደላት።

ሊቀመንበሩ አልወረዱም። ወንበሩ ግን አንድ ጊዜ ቃተተ፤ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ድርግም አለችና ጠፋች። እግር ማሻሻው ቆመ። አልጋ ሥር ያሉት ባትሪዎች አንድ ረጅም ጩኸት ጮኹ፤ ከዚያ እነሱም ዝም። ውጭው ደመና ነበር፤ ሶላሯ ለራሷም አልሆነችም። ሊቀመንበሩ እንደተዘረሩ ምነው ካፒቴን አሉ። ካፒቴን ከአልጋው ሥር ተንበርክኮ ሽቦ ይነካካል፤ ላብ አጥምቆታል።

ስልኩ የጮኸው ይኼኔ ነው። የጋሼ ስልክ መቼም ሙሉ ነች። አማቹ ነበር፤ ሴት ልጅ ናት፣ እናትየውም ደህና ናት፣ ስሙ ስሙ አለ። ጋሼ በደስታ ግራ ተጋብቶ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተው። ከዚያ መጣ፤ ቀጭን፣ የተቆጣ፣ ሳሎኑን የሞላ ልቅሶ። ሊቀመንበሩ ሰሙ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት ሰሙ፤ መጋረጃውን ገልጠው አንገታቸውን አስገቡ። ዳቦ ሻጩ አጨበጨበ። እኔ እንባዬ መጣ። ሁላችን በአንድ ጊዜ ወደ እታለሜ ዞርን።

እታለሜ ፊታችንን ተራ በተራ እያየች ነው። ስልኩን ከጋሼ እጅ ወስዳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ቀኝ ጆሮዋ ላይ፤ ከዚያ ግራ ጆሮዋ ላይ። «ሃሎ» አለች። መልሳ «ሃሎ፣ እናቴ» አለች። ከስልኩ ውስጥ ልቅሶው ለኛ እየተሰማን ነው፤ ለሷ ምንም። ቀስ ብላ ስልኩን መለሰችለትና እኔን አየችኝ። ምን ይመስላል አለችኝ። ምን ብዬ ልንገራት? በጣቴ ነው በአፌ ነው የሕፃን ልቅሶ የሚነገረው? 

ከዚያ ያላሰብነውን አደረገች። ወደ ሊቀመንበሩ ሄዳ ጣቷን ወደ መሬት ጠቆመች። ይነሱ ማለቷ ነው። እሳቸው ሊያስረዷት ጀመሩ፤ የሚሰማ ጆሮ የለም። ጮክ አሉ፤ ያው ነው። ቢቸግራቸው እየተንፏቀቁ ወረዱ። እታለሜ ተቀመጠች፤ ቀሚሷን አስተካከለች፤ ቀበቶውን ቀጭ አድርጋ አሰረች፤ ባዶ ሳጥኗን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ጋሼ መጥቶ እጁን እያወናጨፈ ተናገረ፤ ነገ ፀሐይ ሲወጣ፣ ባትሪው ሲሞላ፣ ምናምን። ያን ሰሞን ሁሉ ጨዋታውን ሳትሰማ ራሷን ስትነቀንቅለት እንደከረመች ገና ያኔ የገባው መሰለኝ፤ እጁን አወረደ። የማይሰማ ሰው ድምፁን መመጠን ያቅተዋልና እታለሜ ቤቱ እስኪያስተጋባ ተናገረች።

«ተጠባባቂ አይደለሁ? ይኸው እየጠበቅሁ ነው። ቦታ ሲገኝ ጥሩኝ።»

ጋሼ ክው አለ። ያንን በር፣ ያንን የጫማ ክሩ ያልታሰረ ሰው ያየ መሰለኝ።  ሳጥኗን ከጭኗ ላይ አንስቶ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። እኔም መርፌዬን ጥዬ ተከተልኩት፤ ልረዳው ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ሲለምን ላየው ነው።

አስፋልቱን ተሻግሮ ፀጉር ቤቱ ገባ። ሰው ሞልቷል፤ ያለችው አንዲት ትርፍ ሶኬት ላይ የደንበኞች ስልክ ተሰክቷል። ጋሼ ጉሮሮውን ጠርጎ እኔ እንግዲህ እንደምታውቀው ብሎ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ከመቀሱ ቀና ሳይል በትሕትና መለሰለት። ጋሼ ይቅርታ፣ ደንበኛ ይቀድማል፤ ከተረፈ እሰካልዎታለሁ አለው። እኔ ወደ ግድግዳው ዞርኩ። ካፒቴን ከመስተዋቱ ጎን ቆሞ የሚገባ የሚወጣውን በዓይኑ ሲሸኝ ቆየ። ምሳ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ እሱም ዘዴ መጣለት፤ ሄዶ የፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ደንበኛ ሆነ። ሳጥኗ ተሰካች። ነገር ግን ሳጥኗ እስክትሞላ ጊዜ ትፈልጋለች፤ ከወንበሩ ከተነሳ ደንበኛነቱ ያበቃል። ስለዚህ ፀጉሩ ሲያልቅ ጢሙን አለ፤ ካፒቴን ያሰኘው ያ የሚኮራበት ሪዝ ተላጨ። ሪዙ ሲያልቅ ራሱን በምላጭ አለ። ነጥቧ አረንጓዴ ስትሆን ጋሼ ጭንቅላቱ እንደ ተላጠ ድንች ሆኖ ነበር። በመንገድ ላይ ሰላም ያለው ሰው አልነበረም፤ ማንም አልለየውም።

ስንመለስ እታለሜ እንደታሰረች ናት። ሊቀመንበሩ ከሳፋው አጠገብ የወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሞተ ላፕቶፓቸውን አቅፈዋል። ጋሼ ሳጥኗን ከፍቶ መሣሪያዋን ራሱ አወጣላት። ጆሮዋ ውስጥ አደረገቻትና መጀመሪያ ራሱን አየችው፤ ሪዙንም ፈለገችው። ግን አልሳቀችም። ደውል አለችው።

ሕፃኗ ተኝታ ነበር። ልጅቱ በደከመ ድምፅ እንቀስቅሳት እንዴ አለች፤ እታለሜ በጭራሽ አለች። ስልኩ እንደተከፈተ ጠበቅን። ሳሎኑ ሙሉ ሰው ጠበቀ። ጋሼ ወንበሩ ሥር መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቀ። ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ ማንኮራፋት የመሰለ ነገር መጣ፤ ከዚያ እየጠነከረ፣ እየተቆጣ፣ ልቅሶው ወጣ። እታለሜ ዓይኗን ጨፈነች። ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ምን እንደምትል አልሰማንም። ልጅቱ እናቷን አጥብታ ዝም እስክታሰኛት ድረስ ከጆሮዋ አላነሳችውም፤ እናት ያልኩት ሕፃኗን ነው፣ እታለሜ ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቴ ነው የምትላት።

ስልኩ ሲዘጋ ጋሼ ፊቱ በራ። እጇን ያዘ።

«ሰማሽ? አሁን ገና አፏን መክፈቷ ነው» አላት። «የመጀመሪያ ልቅሶዋ ነው። አንቺን ስትጠብቅ ነበር።»

 ይሁንለት ብዬ ነበር እኔ እንኳን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሸቱን ወደድኩለት። እታለሜ ግን ሁላችንን በየተራ አየችን፤ ሊቀመንበሩን፣ ዳቦ ሻጩን፣ እኔን፤ ልክ ቅድም እንዳየችን አድርጋ።

«ታዲያ እናንተ ቅድም ምን ሰምታችሁ ነው ፊታችሁ ሁሉ የበራው?» አለች።

ጋሼ አንገቱን ደፋ። ቀና አለና እሱማ እኮ፣ ሊቀመንበሩም ባይመጡ፣ ባትሪውም፣ በሕጉ መሠረት እንኳን ቢሆን፣ ማለት ጀመረ። እታለሜ እጇን ከእጁ አወጣች። መሣሪያዋን ከጆሮዋ አውጥታ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠችና ክዳኗን ገጠመች። ከዚያ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ዓይን ዓይኑን አየችው።

«በል አሁን ቀጥል» አለችው።